ሌባ ሻይና የፀጉር ዘለላ

በቤተ ሙከራ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን የለኩትን ቁጥር ያለ ስህተት ወሰኑ ጽፈው ሲያቀርቡ ደብተራቸውን እንመልስላቸዋለን። አብዛኞቹ ይህን የመምህር ግትርነት አድርገው ይቆጥሩታል። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው ጉዳይ፣ ይህችው የስህተት ወሰን ባለመጻፏ አንድ ሰው 20 ዓመት የታሰረበት ነው።

ከሴኡል ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው የህዋሶንግ ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 አሥር ሴቶችና ልጃገረዶች በተከታታይ ተገደሉ። ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመረመሩ፤ ገዳዩ ግን አልተገኘም። ሴቶች ሲመሽ ከቤት መውጣትን ፈሩ፤ በዝናብ ቀን ቀይ ልብስ የለበሰች ትገደላለች የሚል ወሬም ተናፈሰ። በጥርጣሬ ከተመረመሩት መካከል ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። በማሳ ዳር የቆመ አንድ የወፍ ማስፈራሪያ ላይ ገዳዩ እጁን ካልሰጠ አካሉ በስብሶ እንዲሞት የሚራገም ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። (የእኛ ገበሬ ቢሆን ኖሮ ካህን ጠርቶ ያስገዝት ነበር።)

ገዳዩ ያልታወቀበት ሕዝብ የሚሆነውን ለማወቅ ኮሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በእኛም አገር በአውጫጭኝ ሥርዓት የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ለስርቆት ደግሞ ሌባ ሻይ ነበረ። በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አንኮበር የመጡ አውሮፓውያን ስለዚሁ ጽፈዋል። አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡን በመቀነት ታስሮ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የተሰረቀውን ይከፍላል። እንደ ፊዚክስ ሰው ካየነው ብላቴናው የመለኪያ መሣሪያ ነው። ችግሩ መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት የጠየቀ አለመኖሩ ነበር። ልማዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት ታገደ፤ እኛም ዛሬ በቅድመ አያቶቻችን ላይ እንስቃለን።

ወደ ህዋሶንግ እንመለስና፣ ከአሥሩ ግድያዎች መካከል ለረጅም ጊዜ ፍርድ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። ስምንተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የ13 ዓመት ልጃገረድ በመኝታ ክፍሏ ተገደለች፤ በስፍራውም የሰውነት ፀጉር ተገኘ። ፀጉሩ በኒውትሮን ተመረመረ። ዘዴው እጅግ የተከበረ ነው፤ እኛም ለተማሪዎቻችን በኩራት የምናስተምረው ነው። ናሙናው ወደ ኑክሌር ሪአክተር ይገባል፤ አተሞቹ ኒውትሮን ሲውጡ ጨረር አመንጪ ይሆናሉ፤ ከዚያ የሚወጣው የጋማ ጨረር ጉልበት በናሙናው ውስጥ ምን ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንዳለ ይናገራል። በፀጉሩ ውስጥ ቲታኒየም ስለተገኘ ባለቤቱ ከብረታ ብረት ጋር የሚሠራ ሰው ነው ተባለ። በልጅነቱ በፖሊዮ ተመትቶ እግሩ የሚያነክስ፣ በእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚተዳደር የ22 ዓመት ወጣት ተያዘ። ፀጉሩ ተመሳሰለ፤ እንቅልፍ ተነፍጎም አመነ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ሪአክተሩ አልዋሸም፤ በናሙናው ውስጥ ያለውን ቆጠረ። የዋሸው ከቁጥሩ ወደ ሰውየው የተደረገው ዝላይ ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ይዘት እንኳ ከዘለላ ዘለላ ይለያያል፤ በአቧራ፣ በውኃና በሥራ ቦታ ይለዋወጣል። ስለዚህ «ይመሳሰላል» ከማለት በፊት «ከስንት ሌሎች ሰዎች ጋርስ ይመሳሰል ነበር?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ከመቶ ሰው አንዱ ቢመሳሰል፣ 100 ሺህ ነዋሪ ባለበት ወረዳ አንድ ሺህ ሰው ይመሳሰላል። ይህን ለማስላት ዶክትሬት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ቁጥር ሲናገር፣ ዳኛውም ፖሊሱም እኛም ዝም እንላለን።

የሚገርመው ተቃራኒው ስህተትም በዚያው ምርመራ ውስጥ መኖሩ ነው። ፖሊስ የገዳዩ የደም ዓይነት «ቢ» ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ከአራት ኮሪያውያን አንዱ ያህል «ቢ» ስለሆነ፣ ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ብዙም አይረዳም። ስህተት ከሆነ ግን እውነተኛውን ገዳይ ከመዝገቡ ያስወጣል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ሊ ቹን-ጄ የተባለው ሰው በተደጋጋሚ ተጠይቆ ነበር። ደሙ «ኦ» ነበርና ተለቀቀ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ተጠብቀው በቆዩት የሟቾች ልብሶች ላይ የተገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ከእርሱ ጋር ገጠመ። ያኔ የሚስቱን እህት በመግደል የዕድሜ ልክ ታሳሪ ነበር። ስምንተኛውን ጨምሮ 14 ግድያዎችን አመነ። ዲ.ኤን.ኤ. የተሻለ የሆነው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ በአጋጣሚ የመመሳሰል ዕድሉ አስቀድሞ ተጠንቶ ከውጤቱ ጋር ስለሚጻፍ ነው። ያም ሆኖ ሊ በእነዚህ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም፤ የ15 ዓመቱ ይርጋ እ.ኤ.አ. በ2006 አብቅቷል። ኮሪያ በነፍስ ግድያ ላይ ይርጋን ያነሳችው በ2015 ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች 25 ዓመት ይሰጣል። ከህዋሶንግ የመጨረሻ ግድያ እስከ ዲ.ኤን.ኤ.ው ውጤት 28 ዓመት ነው፤ በእኛም ሕግ ቢሆን ጊዜው ያልፍ ነበር። በበኩላችን ይርጋው ይነሳ አይነሳ የሚለውን ለሕግ ባለሙያዎች እንተዋለን። የምንከራከረው ለልብሶቹ ነው፤ ፋይል ሲዘጋ ማስረጃው አብሮ መጣል የለበትም፤ በደረቅና በቀዝቃዛ ክፍል መቆየት አለበት። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ ለዚህ ሳይጠቅም አይቀርም። ከሳይንስ ፋኩልቲዎች የሚጠበቀው ደግሞ፣ ለዳኞችና ለመርማሪዎች ስለ ስህተት ወሰን የሚሰጥ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ነው። ወጪው ከአንድ ማይክሮስኮፕ ዋጋ አይበልጥም ብለን እናምናለን።

ያ የጥገና ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2009 በአመክሮ ተፈታ። ፍርድ ቤቱ የእምነት ቃሉ በማስገደድ የተገኘ፣ የፀጉር ምርመራውም ጉድለት ያለበት መሆኑን ገልጾ በ2020 መጨረሻ ነፃ ሲለው ዕድሜው ከ50 አልፎ ነበር።