በስልክ የሚሸጥ ሰዓት፣ በቃል የሚቀር ውል

በሌላው ዓለም «ፍሪላንስ» ሲባል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ጽሑፍ የሚተረጉም፣ ሥዕል የሚነድፍ ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ በዓይነ ኅሊና ይመጣል። በቤይሩት ግን ቃሉ ሌላ ኑሮን ይሰይማል። በዶራ፣ በናባ፣ በቡርጅ ሐሙድና በሳብራ በሚኖሩ እህቶቻችን አንደበት ፍሪላንስ ማለት ከአሠሪ ቤት ወጥታ በተከራየችው ክፍል የምታድር፣ ቀኗን በሰዓት እየከፋፈለች ለተለያዩ ቤቶች የምትሸጥ ሠራተኛ ናት። በአንድ አሠሪ ቤት እየኖረች የምትሠራው ደግሞ «ኮንትራት» ትባላለች። የፍሪላንሷ ገበያ ስልኳ ነው። ደንበኛ የሚገኘው በዋትስአፕ ቡድንና በፌስቡክ ገጽ፣ ዋጋ የሚቆረጠው በድምፅ መልእክት ሲሆን ጠቡም የሚነሣው እዚያው ነው።

ይህን ገበያ ለመረዳት ቨርደንን መመልከት ይበቃል። ዋና ጎዳናው በይፋ የራሺድ ከራሚን ስም የያዘው ይህ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተውን ኤቢሲ የገበያ ማዕከል ጨምሮ የውድ ዕቃ መደብሮች የተሰለፉበት ነው። ከመደብሮቹ በላይ ያሉት ፎቆች ግን መኖሪያ ናቸው፤ መኖሪያ ደግሞ የሚያጸዳው እጅ ይሻል። ከ2019 መገባደጃ ወዲህ የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ ቋሚ ሠራተኛ በዶላር ቀጥሮ ማኖር የከበዳቸው ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓት የምትመጣ ሴት መፈለግ ያዙ። ፈላጊም ተፈላጊም አለ። የጎደለው በመካከላቸው የሚቆም ዳኛ ነው።

የሻጮቹን ቅሬታ የማያውቅ የለም። ለሳሎንና ለሁለት መኝታ ክፍል ተብሎ የተነገረው ሥራ እቤት ሲደረስ ይለጠጣል። መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ወደ በረንዳ ይወጣል፣ የማቀዝቀዣው ውስጥ ይከፈታል፤ ሥራው አምስትና ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ክፍያው የአራት ሰዓት ሆኖ ይቀራል። ከዶራ እስከ ቨርደን ለሚኒባስና ለሰርቪስ የሚወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚችል አስቀድሞ ስላልተነገረ በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። በር ላይ ደርሳ «ዛሬ እንግዳ መጥቶብናል፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ የምትመለስም አለች፤ ያ ጠዋት ግን ሌላ ቤት ሲጠራት ይቅርታ ጠይቃ የተወችው ጠዋት ነበር። ከሁሉ የሚመረው «በሚቀጥለው ሳምንት እከፍልሻለሁ» የሚለው ነው። ሳምንቱ አልፎ ስትደውል ብሎክ መደረጓን ታውቃለች።

ደንበኞችም የሚሉት አላቸው፤ ሐሰት ነው ብለን አናልፈውም። እመጣለሁ ብላ ስልኳን የምታጠፋ አለች። በራሷ ፈንታ ማዳሟ አይታት የማታውቃትን ጓደኛዋን የምትልክም አለች። የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ቤት ስታገኝ የቀደመውን ቀጠሮ ሳትናገር የምትተውም አትጠፋም። ቤቷን ለማታውቃት ሰው የከፈተች ሴት በዚህ ብትቆጣ ልንፈርድባት አይገባም።

አንዳንዱ ጠብ ደግሞ ከክፋት ሳይሆን ከሰዓት አቆጣጠር ይነሣል። «አራት ሰዓት» የሚሉት ሁለት ቃላት በዚህ ገበያ ሦስት ነገር ይሆናሉ። ላገራችን ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ በዐረብኛ ለሚናገረው ደንበኛ ከቀትር በኋላ ያለው የእርሱ አራት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አሥር ሰዓት ነው፤ ወይም ደግሞ የሥራው ርዝመት ነው። ከአገር ቤት የመጣች ገና ወር ያልሞላት ልጅ በረፋድ ደርሳ ደወል ስትደውል ማዳሟ ገና ከመኝታዋ ያልተነሣች ሆና ብታገኛት፣ ከሁለቱ አንዷ ዋሽታ አይደለም።

እነዚህን ቅሬታዎች በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ሁለቱም ወገን ይታረም» ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ አንልም፤ ሚዛኑ እኩል አይደለምና። የተታለለች ደንበኛ አንድ ጠዋት ታጣለች፤ ከፈለገች ፖሊስ ትጠራለች። የተታለለች ሠራተኛ የሳምንት ምግቧን አጥታ ለማን ትናገራለች? እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ በግል ቤት የሚሠሩትን ከሽፋኑ አውጥቷቸዋል። ኢቃማዋ በካፋላው ሥርዓት ከአንድ ከፊል ስም ጋር የታሰረ ነው፤ ተናዙል ሳይፈረምላት ለሌላ ሰው ከሠራች ጥፋተኛዋ እርሷ ሆና ትገኛለች። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ ለስሙ ብቻ ከፊል ለሚሆን ሰው ገንዘብ የሚከፍሉት። ሌሎቹ ያለ ወረቀት ይኖራሉ። ክፍያ የነፈገቻትን ደንበኛ ልትከስ ወደ ጸጥታ መሥሪያ ቤት የምትገባ ወረቀት አልባ ሠራተኛ እዚያው ልትያዝ እንደምትችል ታውቃለች። ገንዘብ የሚነፍገውም ሰው ይህን ያውቃል፤ ነገሩ የቅሬታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በ2020 መስከረም የሥራ ሚኒስቴር ለቤት ሠራተኞች የተሻሻለ አንድ ወጥ ውል አውጥቶ ነበር። ውሉ የሥራ ሰዓትን፣ የዕረፍት ቀንንና ከአሠሪ የመለየት መብትን የሚመለከት ነበር። የቀጣሪ ኤጀንሲዎች ማኅበር አቤቱታ አቅርቦ የሹራ ምክር ቤት በማግሥቱ ወር ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። ከዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ የሚታወስ ሌላ ነገር አለ። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የፌስቡክ ቡድን ላይ አንዲት ናይጄሪያዊት ከነፓስፖርቷ ፎቶ በ1000 ዶላር ለሽያጭ ቀረበች። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው ተያዘ፣ ሚኒስቴሩም ድርጊቱን አወገዘ። ከዚያ በፊት ባለው ጥቅምት የቢቢሲ ዐረብኛ ክፍል በኩዌት ተመሳሳይ ንግድ በስልክ መተግበሪያ ሲካሄድ አጋልጦ ነበር። ሰዓቷን ራሷ የምትሸጥ ሴትና ሌላ ሰው የሚሸጣት ሴት በአንድ ዓይነት ስልክ፣ በአንድ ዓይነት ገጽ ላይ ይታያሉ። ልዩነታቸው ዋጋውን የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። ፍሪላንሷ ዋጋዋን ተናግራ ስትነፈግ የምታጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት እንበል። ከ1997 ማብቂያ ጀምሮ አንድ ዶላር በ1507.5 ሊራ ይመነዘር ነበር። በ2023 መጋቢት በጥቁር ገበያ ከ100 ሺህ ሊራ በላይ ደርሶ ቆይቶ ወደ 89,500 አካባቢ ረጋ። በእነዚያ ዓመታት በሊራ የተስማማች ሠራተኛ ክፍያዋ ሲዘገይ ዋጋው በእጇ ላይ ሳይደርስ ይቀልጥ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ዋጋ በ«ፍሬሽ ዶላር»፣ ማለትም በባንክ ባልታገደ ጥሬ ዶላር ይነገራል። ሆኖም «ሃያ» ብሎ ተስማምቶ በሊራ ሲከፍል በራሱ ምንዛሪ የሚያሰላ ደንበኛ አሁንም አለ። ገንዘቡን በኦኤምቲ ወይም በዊሽ እልክልሻለሁ ማለትም መፍትሔ የማይሆንላት ብዙ ነች፤ እነዚህ መሥሪያ ቤቶች መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ፓስፖርቷ ደግሞ ጥላው በወጣችው ቤት ተይዞ ሊሆን ይችላል።

በኮምፒውተር ሙያ የሚነግዱት ፍሪላንሶች ያሉባቸው ዓለም አቀፍ ገጾች ቢያንስ አንድ ነገር አላቸው። እንደ ፋይቨር ባለው ገጽ ደንበኛው ሲያዝ ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ገጹ ይይዘዋል፤ ሥራው ከተረከበ በኋላ 20 በመቶውን ለራሱ ቀንሶ ለሻጩ ይለቃል። ሻጮቹ ድርሻው በዛብን ብለው ያማርራሉ፣ በኮከብ ምዘና የሚያስፈራራቸውን ደንበኛም ያማርራሉ፤ ቢሆንም የታዘዘው ነገር ተጽፏል፣ ገንዘቡም በሦስተኛ እጅ ነው። የቨርደን ቤት የምታጸዳ እህት ሦስተኛ እጅ የላትም። እርሷ ያላት በስልኳ ውስጥ የቀረው መልእክት ነው።

ይህን መልእክት አናቅል። በአል በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ የሚናገረውም ለተወሰነ ጊዜ ስለተዋዋሉበት ዕዳ ጽሕፈትና ምስክር ነው። ዕዳው ትንሽ ስለሆነ መጻፉ አሰልቺ ነው ማለትን አይቀበልም። የሃያ ዶላር ሥራም ከዚያ ውጭ አይደለም። በዓለማዊውም በኩል ሊባኖስ በ2018 ያወጣችው 81ኛው ሕግ የኤሌክትሮኒክስ ጽሑፍ ጸሐፊው እስከታወቀና እስካልተለወጠ ድረስ እንደ ወረቀት እንዲቆጠር ፈቅዷል። ስለዚህ ከሥራው በፊት በነበረው ምሽት የተላከ አጭር ጽሑፍ፦ የሰፈሩና የሕንፃው ስም፣ የመግቢያ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ ዋጋው በዶላር፣ የትራንስፖርት ወጪ የማን እንደሆነ፣ በመጨረሻ ሰዓት ለሚሰረዝ ቀጠሮ ምን እንደሚከፈል፣ ከደንበኛው «እሺ» ጋር ሲገኝ ከቃል የተሻለ ነው። መጻፍ የማትችለው በድምፅ ትላከው፤ ድምፁን ግን አታጥፋው።

በእኛው መካከል ያለውን ንግድ ሳናነሣ ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበና፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ዐባያና ሻርፕ በቲክቶክ የሚሸጡ እህቶች ደንበኞቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የአገራቸው ልጆች ናቸው። በረመዳን መጨረሻ ለዒድ ሦስት ዐባያ አዝዛ፣ ዕቃው ከመጣ በኋላ የምትጠፋ ደንበኛ የሻጯን ሙሉ ካፒታል ይዛ ትጠፋለች። በፎቶው የሚያንጸባርቀው ጨርቅ ሲደርስ ሌላ ሆኖ የሚያገኙትም እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች በአቅም ይቀራረባሉና ግማሹን በቅድሚያ መክፈልና ጨርቁን በቪዲዮ አሳይቶ መላክ ብዙውን ጠብ ያስቀራል።

አንድ ልማድ ግን በግልጽ ልንቃወመው ይገባል። ያልከፈለችን ልጅ ፎቶና ስም፣ አንዳንዴም የምትኖርበትን ሰፈር ጭምር፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ የሚያወጡ አሉ። ወረቀት ለሌላት ሴት ይህ ውርደት ብቻ አይደለም፤ አድራሻዋን ለአጠቃላይ ጸጥታው መሥሪያ ቤት ማስረከብ ነው። የአርባ ዶላር ዕዳ በእስርና ከአገር በመባረር አይከፈልም። የሰውን ገመና መሸፈን በተማርንበት ማኅበረሰብ ውስጥ ተመልካቹ ሺህ ሲሆን ልብ የሚያድርበት ሰው መገኘቱ ያሳፍራል። ዕዳዋን ለማስመለስ የምትሻ ሻጭ ሁለት የታመኑ ሽማግሌዎችን ወይም በ2017 በቤት ሠራተኞቹ በራሳቸው የተመሠረተውን «እኛ ለእኛ በስደት»ን የመሰለ ማኅበር ልትጠይቅ ትችላለች።

ከመንግሥታቱ የሚጠበቀው የታወቀ ነው። ሊባኖስ በሰዓት የሚሠራውን ሥራ ከአንድ ከፊል ስም ውጭ የሚቀበል ፈቃድ ልታወጣለት ይገባል፤ የኢትዮጵያ ቆንስላም ያልተከፈለ ደመወዝ አቤቱታን ኢቃማ ሳይጠይቅ መዝግቦ ለአሠሪው መደወል አለበት። እነዚህ ጊዜ ይወስዳሉ። የዋትስአፕና የፌስቡክ ቡድኖች አስተዳዳሪዎች ግን ሰፈር፣ ሰዓትና ዋጋ ያልተጻፈበትን የሥራ ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ አለመልቀቅ ይችላሉ፤ ከፍሎ የማያውቅ ቁጥርንም የሠራተኛዋን ስም ሳያነሡ ለአባሎቻቸው ማስታወቅ ይችላሉ። ለዚህ ከማንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።