«የት ቢሮ ነበር የሚሠሩት?» ለፖድካስት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ እንግዳ እየጋበዛችሁ ፖድካስት ለምታዘጋጁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የምጽፍላችሁ ከሉማሜ ነው፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ ከምታልፉባት የአዋበል ወረዳ ከተማ። ሥራችሁን እንከታተላለን። ኔትወርክ ሲኖር በስልክ፣ ሲጠፋ ደግሞ ሱቅ ሄደን በሚሞሪ አስጭነን እንሰማለን። ማታ ቡና ተፈልቶ የእናንተ ጨዋታ የሚከፈትበት ቤት አውቃለሁ። ስለዚህ የምወቅሳችሁ እንደ ባዕድ አይደለም። ሳትዘጋጁ ሰው ፊት መቀመጣችሁ ግን አሳዝኖኛል።

አጎቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ሄደው ቅኔ ተምረዋል፤ ኋላ ተመልሰው አራሽ ሆኑ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ የተነሣ ሲያምፅ ወጣት ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ተመርጠው ሠርተዋል። ይኸው ምርጫ ጦስ ሆኖባቸው፣ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራት» ተባሉ። በዚያ ድልድል ቢሮክራት ማለት የቢሮ ሠራተኛ ማለት አልነበረም። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ተመራጭ የነበረ ገበሬ ማለት ነበር። ይህ ስም የወጣለት ሰው ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ያህል፣ በላይ እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር። የቀረው መሬቱ ለሌላ ተሰጠ።

የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ ፖድካስት ላይ አስጋበዛቸው። የዝግጅቱን ስም አልጠራም፤ ወቀሳዬ ለአንድ ሰው ብቻ አይደለምና። አጎቴ ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው ሄዱ። እኛም ቀኑን ቆጥረን ጠበቅን።

አዘጋጁ ጨዋ ልጅ ነው። «አባቴ» እያለ፣ በአክብሮት ነው የጠየቃቸው። የረጅም ዕድሜ ምስጢሩን ጠየቃቸው፣ ትዳር እንዴት እንደሚጸና ጠየቃቸው፣ ለወጣቱ የሚመክሩትን ጠየቃቸው። መሐል ላይ አጎቴ ማንም ሳያነሣባቸው «በሰማንያ ዘጠኝ እኮ ቢሮክራት አሉን» ብለው ጀመሩ።

«የት ቢሮ ነበር የሚሠሩት?» አላቸው።

አጎቴ ዝም አሉ። ከዚያ «ቢሮ እንኳ አልሠራሁም፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለሚወዱት ምግብ ነበር።

ያቺን ዝምታ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። አጎቴ ስለዚያ ዘመን ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው እንኳ አጫውተውን አያውቁም። ለአንድ እንግዳ ልጅ ደጁን ከፈቱለት፤ ልጁ ግን ደጅ መሆኑን አላወቀም። ክፋት የለበትም። ያላወቀው ሳይጠይቅ ስለመጣ ነው። ከልጅ ልጃቸው ጋር ግማሽ ሰዓት በስልክ ቢያወራ፣ ስለ 1989ኙ ድልድል ጥቂት ገጽ ቢያነብ፣ ያ ሰዓት ሌላ ሰዓት በሆነ ነበር። ከድልድሉ በፊት ስንት ጥማድ ነበረዎት? ስምዎ ሲጠራ የት ቆመው ነበር? መሬትዎ ለማን ደረሰ? ለጎረቤት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቡና ተጠራርታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆችዎን በ4 ጥማድ እንዴት አሳደጉ? እነዚህን ለመጠየቅ የስቱዲዮ ዕቃ አያስፈልግም።

አጎቴ የተማሩበት ጉባኤ ቤት ስለ ዝግጅት የሚያስተምረን አለ። የቅኔ ተማሪ ጧት ከሰው ተለይቶ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ቁጥቋጦ ተጠግቶ ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም አስቦ ይደርሳል። ጀማሪ ከሆነ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። የቆጠረውን የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል፤ በማግሥቱ እንደገና ይወጣል። ሁለት ቤት ለመናገር ቀን ሙሉ ብቻውን የሚያስብ ልጅ ያለበት አገር ነው ይህ። እናንተ ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ስንት ሰዓት ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ?

ደግሞም በእኛ አገር ሽማግሌ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሰሙን ነው። «እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ኖርን» ይላችኋል። ዝም ብላችሁ ብትጠብቁት ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ሌላ ነገር ይመጣል። እናንተ ግን ዝምታ ስለምትፈሩ ወዲያው ጥያቄ ትወረውራላችሁ፤ በጥያቄ ያልሸፈናችሁትንም ዝምታ ኤዲት ስታደርጉ ትቆርጡታላችሁ።

እንዲህ ተዘጋጅቶና ታግሦ ሰው ማጫወት በአማርኛ የማይቻል አይደለም። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምራ፣ ሳትቸኩል፣ ለሳምንታት ስታጫውት ሰምተናል። እንግዳዋ የረሳውን እሷ የምታስታውስበት ጊዜ አለ፤ ይህ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ምልክት ነው። በአሜሪካም ስተድስ ተርክል እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1997 በቺካጎ ሬድዮ ሲያወያይ፣ ደራሲ ከመጋበዙ በፊት መጽሐፉን እያሠመረና ዳር ዳሩን እየጻፈበት ያነብ ነበር። ተራ ሠራተኛውንም በዚያው ጥንቃቄ ነበር የሚሰማው።

ኑሮ እንደከበደ፣ ኪራዩም፣ ካሜራውም፣ የተመልካች ቁጥሩም እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። በሳምንት ሦስት እንግዳ ካላቀረብን እንረሳለን የምትሉትም ገብቶኛል። እንግዲያው አንድ አቅርቡ። አንዱን እንግዳ የሰማ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሦስቱን ግን እኛም አናስታውሳቸውም።

ከቀረጻው በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ጨርሶ የተተወ ይመስለኛል። ከሁለት ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ሰው የሚያስቆጣውን አርባ ሰከንድ ቆርጣችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ትሄዳላችሁ። መቼ ነው ራሳችሁን መልሳችሁ የምትሰሙት? የት ላይ አቋረጥኩ፣ የትኛው ቃል ሳይገባኝ አለፈ ብላችሁ የምትጠይቁት መቼ ነው? ያ ልጅ ቅጂውን በጸጥታ አንድ ጊዜ ቢያዳምጠው፣ የአጎቴ ዝምታ ለእሱም ይሰማው ነበር። ደውሎ «ያን ቀን ያልገባኝ ነገር ነበር፣ ይንገሩኝ» ቢላቸው ደግሞ እንደማይቀየሙት እርግጠኛ ነኝ፤ አውቃቸዋለሁ።

የምለምናችሁ ይህንን ነው፦ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ስለ ሰውየው፣ ስለ አገሩና ስለ ዘመኑ ጠይቁ፤ ከሸኛችሁት በኋላም ተመልሳችሁ ስሙት። ያን ዘመን ያዩ ሰዎችን በየወሩ እየቀበርን ነው።

አጎቴ አሁንም ሉማሜ አሉ። ጧት ጧት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለ 1989 ዓ.ም. እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አድማጫችሁ፣ ከሉማሜ