ነንቻኩ ይልመድ፣ ግን በስፖንጅ

ዛሬ ስለ ነንቻኩ ላውራ። ሁለት አጫጭር ዱላ በሰንሰለት ወይም በገመድ ተያይዞ፣ ብሩስ ሊ በፊልም ሲያሽከረክረው ያደግንበት ነገር። አገሩ ኦኪናዋ የምትባል የጃፓን ደሴት ናት፤ ድሮ እህል መውቂያ ነበር የሚሉም አሉ።

እኔም ልጅ እያለሁ ሲቀላ ቪዲዮ ቤት ካየሁ በኋላ የእናቴን የመጥረጊያ እንጨት ለሁለት ቆርጬ ሠርቻለሁ። ግንባሬ ላይ ያበጠውን "በር ገጨኝ" ብዬ አለፍኩ። (የመጥረጊያውን ነገር እስከ ዛሬ አላመንኩም።)

በቅርቡ አንድ አባት የ14 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ዱላው ዞሮ ግራ ዓይኑን ከመታው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዓይኑ ውስጥ፣ ከብሌኑ ፊት ደም ተጠራቅሟል። ለምን ቆያችሁ ስለው "አሰልጣኙ ሳይመታ የለመደ የለም አለን" አለኝ። ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም ላክነው።

የእኔ ጠብ ከዚህች አባባል ጋር እንጂ ከነንቻኩው ጋር አይደለም። ቀምታችሁ ብታቃጥሉበት ሌላ ይሠራል፤ መጥረጊያ በየቤቱ አለ። ግን የነንቻኩ ነጻ ጫፍ ከእጅ በላይ ይፈጥናል፣ ስቶ ሲመለስ ደግሞ የሚያገኘው የያዘውን ልጅ ነው። ክርን ቢያገኝ አብጦ ይድናል። ዓይን እንደዚያ አይደለም። ውስጡ የፈሰሰው ደም የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደገና ሊደማም ይችላል። ሕመሙ ቀነሰ ማለት ዳነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለጀማሪ ሰንሰለትና ደረቅ እንጨት ይቅር። የፍራሽ ስፖንጅ በደንብ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩለት፣ የፕላስቲክ መከላከያ መነጽር ያድርግ፣ ታናናሾቹ አጠገቡ አይቁሙ። ስፖንጅም ሲመታ እኮ ስህተቱን ይነግረዋል!

ዓይኑ ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፣ ጠብታም የጡት ወተትም አትጨምሩበት። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን መድማቱን ሊያባብሱ ስለሚችሉ አትስጡት። የወረቀት ኩባያ ከላይ ደፍታችሁ፣ ራሱን ቀና አድርጋችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

ልጁ ሲወጣ "ዶክተር፣ መቼ ልመለስ?" አለኝ። ወደ ነንቻኩው ማለቱ ነው። "የዓይን ሐኪሙ ሲፈቅድልህ፣ በመነጽር" አልኩት። አባትየው አፍጥጦ አየኝ።