«ለቅጠል ይህን ያህል?»

በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ቴሌግራፍ የሚባለውን ጎዳና ይዞ ለሚሄድ ሐበሻ የበርበሬና የእንጀራ ሽታ ብርቅ አይደለም። የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች እዚያ ሥር ከሰደዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በዚያው ጎዳና ላይ የበርማ ምግብ ቤትም አለ። በቅርቡ አንድ ወዳጄን ይዤ ወደዚያ ጎራ አልሁ። አስተናጋጇ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ የሻይ ቅጠል የተቀመጠበት፣ ዙሪያውን የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ አተርና ቲማቲም የተደረደረበት ሰሐን አቀረበች። ሎሚ ጨመቀችበትና ፊታችን አዋሐደችው። ወዳጄ ዋጋውን አስቀድሞ አይቶት ኖሮ፣ «ለቅጠል ይህን ያህል?» ሲል በአማርኛ አጉረመረመ። ልጅቱ ቋንቋችንን አታውቅም፤ ፊቱን ግን አነበበችው። እኔም አፈርሁ።

ይህ ወዳጄ አንድ አሜሪካዊ እንጀራችንን «ስፖንጅ ይመስላል» ብሎ ቢቀልድ «ባህላችንን ደፈረ!» ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ የተቆጣ ሰው ነው። ንዴቱ ልክ ነበር። ያንኑ ንቀት በበርማዊቷ ላይ ሲያወርድ ግን ንቀት መሆኑ አልታየውም። ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እኛ የመታወቅ ጥማት እንጂ የማወቅ ጥማት የለብንም። ዓለም በእጁ እንዲበላ፣ ጉርሻን እንዲያደንቅ፣ ቡናችንን ሦስተኛው ድረስ እንዲጠጣ እንሻለን። ከጎናችን ያለውን በር ግን አሥር ዓመት ሙሉ ሳንከፍተው እናልፋለን። ለዚህም ሰበብ አናጣም።

የመጀመሪያው ሰበብ «ቅጠል ይበላል ወይ?» የሚለው ነው። ጎመን ምንድን ነው? ደግሞስ በቦረናና በጉጂ ቡና ከነገለፈቱ በቅቤ ተቁላልቶ ይበላ የለምን? ዓለም የሚጠጣውን እኛ የምንበላ ከሆነ፣ ዓለም የሚጠጣውን ሻይ በርማዎች ቢበሉት ምን ያስገርማል? «ለፔት» የሚሉት ይህ ምግብ ለጋው ቅጠል በእንፋሎት በስሎ፣ ታምቆና ክብደት ተጭኖበት ለወራት እንዲብላላ ከተደረገ በኋላ የሚገኝ ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ እንደሚወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። የሻን ሕዝብ ከሽምብራ ዱቄት አብስሎ የሚያረጋው ምግብም ቀዝቅዞ ያደረ ሽሮ ለሚያውቅ ሰው ዘመድ ነው። ሳምቡሳንም እንደ እኛ የረመዳን ማዕድ ሳምቡሳ ጠቅልለው ይጠብሱታል፤ ከዚያ ግን ቆራርጠው ከሰላጣ ጋር ያዋሕዱታል ወይም ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል።

ሁለተኛው ሰበብ ዋጋ ነው። የጣሊያን ፓስታ ሲቀርብለት ሒሳቡን ሳያንገራግር የሚከፍል ሰው፣ የእስያ ወይም የአፍሪካ ምግብ ሲሆን «ርካሽ መሆን አለበት» የሚለውን ሕግ ከየት አመጣው? የቤቱ ኪራይ ያው ነው፤ የሠራተኛውም ድካም ያው ነው። ለመሆኑ ይህ ቅጠል ከየት ይመጣል? የለፔት ዋና አገር የሆነው የሰሜን ሻን ደጋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በተከፈተው ማጥቃት የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። «ለቅጠል» የሚለው ሰው ቅጠሉ በምን ዓይነት አገር እንደሚለቀም አልጠየቀም።

ሦስተኛው ሰበብ ሃይማኖት ነው፤ ይህን አልንቅም። ሰላጣው ላይ የደረቀ ሽሪምፕ ይነሰነሳል። «ሞሂንጋ» የሚባለው ዝነኛ የቁርስ ሾርባቸውም ዓሣ ነው። የአሳማ ሥጋም በየምግብ ዝርዝሩ አይጠፋም። ግን አፍ የተሰጠን ለመጠየቅም ጭምር ነው። ሽሪምፑ ይቅርልኝ ማለት ይቻላል። ደግሞም ስለ ጾም የምንነግራቸው እኛ ብቻ አይደለንም። የእኛ መነኩሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ይበላል፤ የእነርሱ መነኩሴ ስድስት ሰዓት ካለፈ እስከ ማግሥቱ እህል አይቀምስም። ይህን ያልኩት ለማወዳደር አይደለም፤ ሆድን መግዛት በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ስላለን ነው።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ግን በዚያ ገበታ ሳንነጋገር የምናልፈው ታሪክ ነው። በርማ በ1948 ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች። በ1962 ጄኔራል ኔ ዊን ሥልጣን ይዞ «የበርማ መንገድ ወደ ሶሻሊዝም» ብሎ አወጀ። በ1987 የሚበዙትን የገንዘብ ኖቶች ያለ ምትክ ሰርዞ ዘጠኝ ቁጥርን ስለሚወድ ባለ 45 እና ባለ 90 ኖት አሳተመ። የሰው ቁጠባ በአንድ ቀን ወረቀት ሆነ። በ1988 ሕዝቡ ተነሣ፤ ወታደሩ ተኮሰበት። በየካቲት 2021 ወታደሩ እንደገና ሥልጣን ነጠቀ። ከ1974 በኋላ ቤቱ በአዋጅ ለተወረሰበት፣ ልጁን በሌሊት ለሸኘ ሐበሻ ይህ ታሪክ አስተርጓሚ ያስፈልገዋልን?

ይህን ስል በርማን የመላእክት አገር ላድርጋት አይደለም። በ2017 ከ700 ሺህ በላይ የሮሂንጋ ሰዎች ቤታቸው እየተቃጠለ ወደ ባንግላዴሽ ተሰድደዋል፤ ያን ጊዜ ግፉን የደገፉ በርማውያን ጥቂት አልነበሩም። ከመቶ በላይ ብሔረሰቦች ያሉባትን አገር አንድ የምግብ ዝርዝር አይወክላትም። ይህንንም እኛ ልንረዳው ይገባል፤ ውጭ አገር «የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ በሚቀርበው ትሪ ላይ የስንቱ ሕዝባችን ማዕድ ቀርቷል?

በድሮ ዘመን በርማ ውስጥ ተካሰው የታረቁ ሰዎች ፍርዱን መቀበላቸውን ለፔት አብረው በመብላት ያረጋግጡ እንደነበር ይነገራል። እኛም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እንላለን። ወዳጄ እያጉረመረመም ቢሆን ሁለት ጊዜ ቀመሰ፤ ሦስተኛውን ሳይጋበዝ አነሣ። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ከእጄ ነጥቆ ከፈለ፤ ለልጅቱም ጉርሻ ጨመረላት። «ጎበዝ!» አልሁት። ገና አንድ ዕዳ ግን ቀርቶበታል፤ ሲመለስ አገሯ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃት።