ከዱዓው ጋር ምን እንላክላቸው?



የአክስቴ ልጅ ሪያድ ከገባች አራተኛ ዓመቷ ነው። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አድገናል። መድረሳ ከመግባቴ በፊት አሊፍ ባ ታ ያስያዘችኝ እሷ ናት። ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ስመለስ በኢሞ የላከችልኝን ቮይስ ከፈትኩ። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። አብዛኛውን አታወራም፣ ትተነፍሳለች። መጨረሻ ላይ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሌሊት ልቤ ይመታል፣ የምሞት ይመስለኛል። ለእማዬ እንዳትነግራት" አለች።

ነገርኳት። (ትክክል ሠራሁ ወይ የሚለውን እስካሁን አልወሰንኩም።) አክስቴ አለቀሰች፣ ጎረቤት ሰማ፣ በማግስቱ የሰፈሩ ፍርድ ወጣ። አንዱ ጅን ነው አለ፣ አንዱ ሲሕር፣ ሌላው ኢማኗ ቢጠነክር ኖሮ አለ። በስልክ ሩቅያ ተቀራላት። በሩቅያው ቅሬታ የለኝም፤ እሷም ቀለል እንዳላት ተናግራለች። የከነከነኝ "ከዚያስ?" ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? የስንት ወር ደመወዟ ተይዟል? ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩት ነበር። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ስትመልስ፣ ቦሌ ላይ ከወረዱት መካከል አእምሮአቸው ታውኮ የመጡ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በፊት በየካቲት 2004 ዓለም ደቻሳ የተባለች እህታችን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ስትጎተትና በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ ዓለም በቪዲዮ አይቷል። ከቀናት በኋላ በተኛችበት የአእምሮ ሆስፒታል ራሷን ማጥፋቷ ተሰማ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት በብዛት የእኛ እህቶች ናቸው። በዚህ ግቢ ውስጥ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ የሚማር ስንት ተማሪ እንዳለ ደግሞ እናውቀዋለን፤ ብቻ አናወራውም።

የእትዬ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ማንበብ ጀመርኩ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ባጭሩ ሲ.ቢ.ቲ. የሚባል የንግግር ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድብርት የተያዙ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ፣ ሳይጠሩ የሚመጡና ሰውየው ሳይመረምራቸው የሚያምናቸው ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። ሕክምናው እነዚህን ሐሳቦች መያዝ፣ መፈተሽና ከእነሱ ጋር የመጣውን ልማድ በትንሽ በትንሹ መለወጥ ነው። የምህንድስና ተማሪ ቶሎ ይገባዋል። ልብ ይመታል፤ "ልሞት ነው" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሐሳቡ ፍርሃት ይወልዳል፤ ፍርሃቱ ልብን ይበልጥ ያስመታል። ውጤቱ ተመልሶ ግብዓት የሚሆንበት ዑደት ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ዑደቱ ይረግባል።

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚል ወንድም፦ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ322 ሂጅራ ግድም የሞተ የበልኽ ሊቅ ነው። "መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ" በተባለው ኪታቡ የዘመኑን ሐኪሞች አካልን ብቻ ያክማሉ ብሎ ወቅሷል። ሰው ለክፉ ቀን መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ለጭንቀት ቀን የሚሆኑ ጤነኛ ሐሳቦችንም በደህናው ጊዜ ማዘጋጀት እንዳለበት ጽፏል። ይህን ኪታብ ለዘመኑ አንባቢ ያስተዋወቁት ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ታከሙ ያሉንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

ሪያድ አንድ ክፍል ውስጥ የተዘጋባት ልጅ ግን ሐኪም ዘንድ እንዴት ትደርሳለች? ኢቃማ ከሌላት ሆስፒታል መሄዱ ራሱ ያስፈራታል። እዚህ ላይ ነው የኢንተርኔቱ ነገር የሚመጣው። በስዊድን፣ በሆላንድና በአውስትራሊያ ሲ.ቢ.ቲ.ን በኢንተርኔት መስጠት ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚከታተል ሰው ካለ ውጤቱ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል፤ ብቻቸውን ሲተዉ ብዙዎች ያቋርጡታል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሊባኖስ ነው። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ "ደረጃ በደረጃ" የሚል ትርጉም ያለው ፕሮግራም በስልክ አቀረበ። በታሪክ መልክ የተዘጋጁ አምስት ክፍሎች አሉት፤ ሐኪም ያልሆነ የሠለጠነ ሰው በሳምንት 15 ደቂቃ ያህል እየደወለ ወይም እየጻፈ ያግዛል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት በሶሪያውያን ስደተኞች ዘንድ ድብርትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ታሪኩ የተጻፈው ለሊባኖሳውያንና ለሶሪያውያን ነው። ዓለም ደቻሳ በተጎተተችበት አገር፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚናገር አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ሲ.ቢ.ቲ. "ሐሳብሽን ፈትሺው" ይላል። "ማዳም ደመወዜን አትከፍለኝም" የሚለው ሐሳብ ሲፈተሽ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ፓስፖርቷን የተቀማችን ልጅ በረጅሙ ተንፍሺ ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም፣ ግፉን ማለማመድ ነው። ሰብር ስለሚባለው ቃልም የማስበው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ሌላውን ዝም ለማሰኘት ነው። ስለዚህ የሚዘጋጀው ነገር ሁለቱን መለየት አለበት፦ ሌሊት የሚመጣውን "ልሞት ነው" በአንድ በኩል፣ የተያዘውን ደመወዝ በሌላ በኩል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ቆንስላ፣ ጠበቃና የላካት ኤጀንሲ ተጠያቂነት ነው። ራሷን ልታጠፋ የምታስብ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ ደግሞ በስልክ የምትታገዝ አይደለችም። አጠገቧ ያለች እህት ይዛት ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ አገር ቤት ከተመለሰችም አማኑኤል ወይም ጳውሎስ።

ጀማዓችን በየረመዳኑ ለኢፍጣር የሚያሰባስበውን አውቃለሁ። ከዚያ ጥቂቱን፣ ከሳይኮሎጂ ክፍል ያሉ ወንድምና እህቶቻችንንም ጊዜ፣ ለዚህ ብንሰጥ እላለሁ። አፕ አይደለም። ስልኳን ማዳም ብትፈትሸው የሚታይ ነገር መሆን የለበትም፣ ዳታም መብላት የለበትም። በአማርኛና በኦሮምኛ የተቀዳ አጭር ቮይስ፣ ሰምታ የምታጠፋው፣ ባለሙያ ያረመው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የምትደውል የሠለጠነች እህት።

የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ጽፌ፣ አንድ የሳይኮሎጂ ተማሪ ጓደኛዬ አርሞልኝ፣ በራሴ ድምፅ ቀድቼ ለእትዬ ላክሁላት። መልሷ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት ነው። "ሰማሁት። ግን አነጋገርህ የመንግሥት ማስታወቂያ ይመስላል። ሴት ታውራው፣ ደሞ ቀስ ትበል።"