ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት

መርካቶ ውስጥ ዋጋ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ ከመልሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ከቦምብ ተራ እስከ ዱባይ ተራ፣ ከቆርቆሮ ተራ እስከ ሸማ ተራ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ጠያቂው እሁድ ጠዋት ከመዘምራን ጋር እጁን አንሥቶ የሚያመልክ ወንድም፣ ወይም ረቡዕ ማታ የቤት ለቤት ጥናት የምትመራ እህት ብትሆንም አንደነግጥም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ አለመደንገጥ ነው።

በመካከላችን «ንግድ ሌላ፣ መንፈሳዊ ነገር ሌላ» የሚል ትምህርት አለ። ከመድረክ ላይ ማንም አይሰብከውም። «ውሸት ያልገባበት ንግድ የት አለ?»፣ «አገሩ እንዲህ ነው»፣ «ጌታ ልቤን ያውቃል» በሚሉ አጫጭር ንግግሮች ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሰበካል። ከእናንተ መካከል ትምህርቱን ጨርሶ ሱቅ የሚቀጠር ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ይህንን ነው። ስለ ሐሰተኛ ነቢያትና ስለ ብልጽግና ወንጌል ብዙ ተናግረናል፤ መናገራችንም ተገቢ ነው። ይህኛው ግን ድምፅ ማጉያ ስለማይዝ አላየነውም። እኔ በግልጽ የስሕተት ትምህርት እለዋለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ገበያ ዝም አላለም። ሳንቲም ከመቀረጹ በፊት በእስራኤል ብር የሚከፈለው ተመዝኖ ነበር። መመዘኛው ደግሞ ነጋዴው በከረጢት ይዞት የሚዞር ድንጋይ ነው። ብልጣ ብልጡ ሁለት ድንጋይ ይይዛል፤ ሲገዛ ከባዱን፣ ሲሸጥ ቀላሉን ያወጣል። ዘዳግም 25፥13-16 እስከ ከረጢቱ ድረስ ገብቶ ይህን ሰው ይፈትሸዋል፤ ሥራውንም እግዚአብሔር የሚጸየፈው ነገር ይለዋል። ዘሌዋውያን 19ን ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ባልንጀራን እንደ ራስ ስለ መውደድ የሚያዘው ቁጥር 18 እና ስለ ትክክለኛ ሚዛንና መስፈሪያ የሚያዘው ቁጥር 35-36 ያሉት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ፍቅርን ለቤተ መቅደስ፣ ሚዛንን ለገበያ ብሎ የከፈለ የለም። የከፈልነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ደረሰኙ እንመለስ። አንድ ዕቃ ያለ ታክስ 10,000 ብር ነው እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲደመርበት 11,500 ብር ይሆናል። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በ10,000 ውሰደው» ሲል ገዢው 1,500 ብር አተረፈ፤ ሻጩም የሽያጩን ገቢ ከመዝገብ አወጣ። ሁለቱም ተደስተው ተለያዩ። የከሰረው ማነው? እዚያ ያልነበረው ሰው ነው፦ በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ የሚጠብቀው፣ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው። ሌላም ከሳሪ አለ፤ እሱ ደግሞ እዚያው አጠገባችሁ ነው። ደረሰኝ እቆርጣለሁ ብሎ የጸናው የጎረቤት ሱቅ 11,500 ሲል ደንበኛው ትቶት ወደ እናንተ ይመጣል። ጎረቤታችሁን በእውነተኛነቱ ቀጣችሁት ማለት ነው። ባልንጀራን መውደድ በመርካቶ ቋንቋ ቢተረጎም አንዱ ትርጉሙ ይህን ሰው አለማክሰር ነው።

ይባስ ብሎ ሙሉውን 11,500 ተቀብሎ «ማሽኑ ተበላሽቷል»፣ «ወረቀት አልቋል» የሚልም አለ። ይህ ሰው ግብር አላጭበረበረም፤ ሰርቋል። ያ 1,500 ብር ለአንድ ቀንም የእሱ ሆኖ አያውቅም፤ ገዢው በአደራ የሰጠው ነው። የሰው አደራ በልቶ ከዚያው ላይ አሥራት ማውጣት ምን ይባላል? ሳሙኤል ለሳኦል የተናገረውን (1 ሳሙ. 15፥22) አስታውሱ። ሳኦል ከአማሌቅ ያስቀረውን ከብት ለመሥዋዕት ነው ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ግን የፈለገው መታዘዙን ነበር።

የሚነሡትን ምክንያቶች አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። በኅዳር 2017 ዓ.ም ከደረሰኝ ቁጥጥሩ ጋር በተያያዘ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ያን ጊዜ ከቸርቻሪው በኩል የተሰማ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ፦ «አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አይሰጠኝም፤ የገዛሁበት ደረሰኝ ከሌለኝ ወጪዬ አይያዝልኝም፤ እኔ ብቻ ደረሰኝ ብቆርጥ ከትርፌ በላይ እከፍላለሁ»። ይህ ሰው እውነቱን ነው፤ ሰነፍ ብለን ልንረግመው አይገባም። ነገር ግን ቅሬታው ወደ ማን ይመራናል? ወደ ላይኛው ሰው ነው። አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ሁልጊዜ የማናውቀው ሰው ነው እንዴ? ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ለሕንፃው ትልቁን ቃል ኪዳን የገባ፣ «የጌታ በረከት» ተብሎ ምስክርነት የተሰጠበት ሰው ቢሆንስ? ትንሹን ነጋዴ አጣብቂኝ ውስጥ የከተተው እሱ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታረም ያለበትም እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «መንግሥት ገንዘቡን ምን ያደርግበታል?» የሚለው ነው። ዜጋ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጠይቁ። ግን ጳውሎስ ግብር ለሚገባው ግብርን እንድንከፍል (ሮሜ 13፥6-7) የጻፈው ኔሮን በሮም በነገሠበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። ቃሉ ለሰብሳቢውም አልራራም። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፣ ከታዘዘላችሁ አትርፋችሁ አትውሰዱ የሚል ሐሳብ ነው የመለሰላቸው (ሉቃ. 3፥12-13)። ስለዚህ ከእናንተ መካከል በገቢዎች የተቀጠረ ወጣት ካለ፣ «እንስማማ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ተቆጣጣሪ ደረሰኝ ከሚደብቀው ነጋዴ ጋር በአንድ ወንበር ይፈረድበታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የአገራችን ነው፤ የወንጌል ግን አይደለም።

ወደ ዋጋ ክርክሩም ልግባ፤ ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁት ስለሆነ። «መከራከር ራሱ ኃጢአት ነው?» አይደለም። 900 ብር ብሎ ጠርቶ 700 ላይ መስማማት የገበያ ወግ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ «900 ብር ነው የምሸጠው» ማለት ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ «እኔ ራሴ በ800 ነው ያመጣሁት፣ ጌታን!» ማለት ግን ምስክርነት መስጠት ነው። ዕቃው በ500 ገብቶ ከሆነ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ ያውም በጌታ ስም የታተመ። ኮፒውን «ኦሪጅናል»፣ የቻይናውን «የቱርክ» ማለትም እንዲሁ። ኢየሱስ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን ያዘዘው (ማቴ. 5፥37) በመሐላ ለተጨናነቀ አፍ ነው። ገዢዎችም አታምልጡ። ምሳሌ 20፥14 ላይ ያለው ሰው ዕቃውን እያጣጣለ ይገዛና ዘወር ብሎ በግዢው ይመካል። «እዚያ ማዶ በ400 አለ» ብላችሁ፣ እዚያ ማዶ ሳትሄዱ የተከራከራችሁ ሁሉ ጥቅሱ ስለ እናንተ ነው።

ሌላው የተረሳ ሰው ተሸካሚው ነው። መርካቶን በትከሻው የያዘው እሱ ነው፤ መኪና በማይገባበት መተላለፊያ ጭነቱን በጀርባው ያሳልፋል። ሸክሙን ሳያነሣ በአንድ ዋጋ ተስማምተው፣ ሱቁ ደርሶ ሲያራግፍ «ይኼማ ቅርብ ነው» ብለው የሚቀንሱበት አሉ። ዘዳግም 24፥14-15 የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዛል፤ ያዕቆብ 5፥4 ደግሞ የተቀነሰው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። የእሁዱ ዝማሬያችንና የተሸካሚው ጩኸት በአንድ ጆሮ ነው የሚሰሙት። ጌታ የትኛውን አስቀድሞ የሚሰማ ይመስላችኋል?

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሣ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የሱቁ ባለቤት አይደላችሁም፤ ተቀጣሪዎች ናችሁ። ውሸቱን የሚያዝዘው ሌላ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ያ ሰው አማኝ ነው። «ኦሪጅናል ነው በል»፣ «አለቃው የለም በይ» ትባላላችሁ። እምቢ ብትሉ ሥራው ሊቀር ይችላል፤ ኪራይና የእናት መድኃኒት የሚከፈለው ደግሞ ከዚያው ደመወዝ ነው። «እምነት ካለህ እምቢ በል» ብሎ ከሩቅ መጮኽ ቀላል ነው፤ እኔ እንደዚያ አልልም። የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ለአሠሪያችሁ ለብቻው፣ በአክብሮት፣ «ዕቃውን በደንብ እሸጥልዎታለሁ፤ ያልሆነውን ነው ማለት ግን አልችልም» በሉት። ዳንኤልም በባቢሎን መጀመሪያ ያደረገው ይህን ነበር፤ አለቃውን በትሕትና ለመነ፣ አሥር ቀን ፈትነን አለው (ዳን. 1፥8-14)። በእውነት የሚሸጥ ልጅ ካዝና እንደማይነካም ብዙ አሠሪዎች ያውቃሉ። ካልሰማና ሥራው ከቀረ ግን ያ ወጣት ብቻውን መቅረት የለበትም። የኅብረቱ ወጣቶች የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ ማዋጣት ካልቻሉ፣ ስለ ቅድስና የሚዘምሩት መዝሙር ሌላው በሚከፍለው ዋጋ የተገዛ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ራሷን ትይ። ኪቦርድና ስፒከር ስንገዛ፣ የሕንፃ ኮሚቴያችን ብረትና ሲሚንቶ ሲያመጣ ርካሹ ይሻላል ብለን ያለ ደረሰኝ ወስደን ከሆነ፣ ለወጣቱ የሰጠነው ትምህርት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰበከው ስብከት አያስተካክለውም። አሞጽ 8፥4-6 ላይ ያሉት ሰዎች ሰንበትን አልሻሩም፤ ሱቃቸውንም ዘግተዋል። ነገር ግን ሰንበቱ አልፎ መስፈሪያውን ለማሳነስና በሐሰት ሚዛን ለመሸጥ ይቸኩሉ ነበር። አምልኮ ላይ ተገኝተው ልባቸው ካዝናው ላይ ነበር። የነቢዩ ቁጣ በጣዖት አምላኪዎች ላይ ብቻ አልነበረም፤ በአዘውታሪ አምላኪዎችም ላይ ነበር።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም ታፍነው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ ማገልገል እንደማይገባ ተከራክራለች። ያ ክርክር ስለ ልማት ነበር፤ ሐሳቡ ግን እዚህም ይሠራል። ነፍሳችንን እሁድ፣ ኪሳችንን ሰኞ ለሁለት ጌታ ልናስገዛ አንችልም።

መርካቶ ላይ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው። በዚያ አካባቢ የሚነግዱ ሰዎች እኛ ስለ ጸጋ የምናስተምረውን ላያውቁ ይችላሉ፤ ዋጋችንን፣ ሚዛናችንንና ቃላችንን ግን በየቀኑ ያውቃሉ። ሙስሊሙ ወይም ኦርቶዶክሱ ነጋዴ «እሱ ጋ ሂድ፣ አይዋሽህም» ካላለልን፣ የምናድለው ትራክት ምን ይመሰክርልናል?

ዘኬዎስን ተመልከቱ። ዘኬዎስ በጌታ ፊት የተናገረው ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስለ ገንዘቡ ነበር። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ ያታለለውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። ጌታም መዳን ለዚያ ቤት እንደሆነ የተናገረው ይህን ተከትሎ ነው (ሉቃ. 19፥8-9)። በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ ጌታ ምን ሰጠን ብላችሁ ከመመስከር በፊት፣ የማን ገንዘብ በእጄ አለ ብላችሁ ተጠያየቁ። የሚመለስ ካለ መልሱ። ሥራ ላይ የተቸገረ ካለ ተደጋገፉ። ከረጢታችሁን ክፈቱና ሁለተኛውን ድንጋይ አውጥታችሁ ጣሉት።

ጌታ ይርዳችሁ።