የሚያስፈራው አጥሩ ነው ወይስ ጎመኑ?

ቤት መቀየራችንን የሰማችሁ አላችሁ። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገባን። የደረሰን ግራውንድ ላይ ስለሆነ ጉልበቴ ተመስገን ብሏል። የድሮው ግቢ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጠባብ ነበር፤ ቢሆንም በሶብላ፣ ጎመን፣ ጤና አዳምና አንድ የሎሚ ዛፍ ይዞ ነበር። ሎሚው አይነሳ ነገር! ከጤና አዳሙ ግን ቅርንጫፍ ቆርጬ በወተት ጣሳ ይዤ መጣሁ።

በሳምንቱ መስኮቴ ስር መቆፈር ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ሳልወርድ አፈሩ አለቀ። ከስሩ የተሰባበረ ብሎኬት፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የፌሮ ቁራጭ፤ ሕንፃው ሲያልቅ የተረፈው ሁሉ እዚያው ተደልድሏል። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ሲሚንቶ የበዛበት አፈር ቤዝ ስለሚሆን ተክሉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ፌሮ ላይ ተተክሎ ብረት ማጣት ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ለቅሜ፣ የወጣውን አፈር ነፍቼ፣ ብስባሽ ቀላቅዬ መለስኩት። ያልበቃውን በማዳበሪያ ሞላሁ (ከረጢቱን ማለቴ ነው፤ ጤፍ ይዞ የመጣውንም ማዳበሪያ ነው የምንለው)።

በሦስተኛው ቀን የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ በጋራ ቦታ ላይ መትከል ክልክል ነው፤ ቢነቅሉት ይሻላል» አለኝ። የት ተጽፏል ብለው «ተስማምተናል» አለ። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ግን አልነገረኝም።

ተናድጄ አደርኩ። ጠዋት ሳስበው ግን ሰውዬው የሚፈራው ነገር አለው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የጋራ መጠቀሚያውን የሁሉም ባለቤቶች ነው የሚለው። መስኮቴ ስር ስለሆነ የእኔ አይሆንም። ደግሞ ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «አትክልት ነው» ብሎ በቆርቆሮ ያጥራል፣ ከዓመት በኋላ አጥሩ ጣሪያ ያወጣል፣ ከዚያ ሱቅ ሆኖ ይከራያል። ይሄን ያላየ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ከጋራው ሮቶ ቀድቶ አበባ የሚያጠጣ ሰውም ቢያስቆጣ አይገርምም።

የሚያስፈራው አጥር ከሆነ ታዲያ የሚከለከለውም አጥር መሆን አለበት እንጂ ጎመን ምን አደረገ? አትትከሉ የተባለውን መሬት ደግሞ ሄዳችሁ እዩት። በበጋ ፌስታልና አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ማንም አልተጠቀመበትም፣ ማንም አላጸዳውም። እንዲህ ያለ ክልከላ በቃል ብቻ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሰብሳቢው ሲቀየር ሕጉም ይቀየራል፣ ለወዳጅ ይላላል፣ ለእንግዳ ይጠብቃል።

ስለዚህ በወሩ ስብሰባ ላይ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። አጥር የለም። ከግድግዳውና ከፍሳሽ ማስወገጃው ክዳን አጠገብ ዛፍ አይተከልም። የሚጠጣው የዝናብና አትክልት የታጠበበት ውሃ ነው። ለወጥ የሚሆን ቅጠል የፈለገ ጎረቤት ይቀነጥሳል።

ሁሉም ጥሩ እየሄደ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ተነሱና «ልጄ፣ እኛ ላይ ያለነውስ? ከመስኮታችን ስር ያለው ሰማይ ነው» አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ስለ ጋራ መሬት አንድ ገጽ ሙሉ ስጽፍ ያሰብኩት ስለ ራሴ መስኮት ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የብሎኩ ዙሪያ ለፈለገ ሁሉ በእጣ እንዲከፋፈል፣ እስከ ጳጉሜ እንዲሞከር በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ወደ መተዳደሪያ ደንቡ ይግባ አይግባ ያኔ ይወሰናል። እንዲገባ እከራከራለሁ።

እጣው መስኮቴ ስር አልጣለኝም። ያን ያህል ድንጋይ የለቀምኩበትን ቦታ የወሰዱት እኚያው እናት ናቸው፤ ጎመናቸው አሁን ከእኔ ይበልጣል። እኔ ከደረጃው ጎን እንደገና ብሎኬት እየለቀምኩ ነው። ሎሚውን «ሥሩ ቱቦ ይሰብራል» ብለው ከለከሉኝ። የሎሚ ሥር እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም ልል ነበር፤ ለዛሬ ይብቃ ብዬ ተውኩት።

ጤና አዳሙ ይዟል። የኮሰረት ቁራጭ ያላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ።